በግንቦት ስንተኛ

ልጄ ሐያት የምትሠራው ለንደን፣ ወንዙ ዳር ካሉት የመስታወት ፎቆች በአንዱ ውስጥ ነው። አለቆቿ አሜሪካኖች ናቸው፤ አሜሪካኖቹ ደግሞ ከሥራቸው ጋር ቤዝቦላቸውንም ይዘው መጥተዋል። ሜዳ የለም፣ ዱላ የለም፣ ኳስ የለም። እያንዳንዱ ሠራተኛ እዚያ ማዶ ከሚጫወቱት እውነተኛ ተጫዋቾች መካከል የራሱን ቡድን በሐሳቡ ይመርጣል፣ ተጫዋቾቹ በሠሩት ልክ ነጥብ ያገኛል፤ ፋንታሲ ይሉታል። ሰዉ ብዙ ስለሆነም በምድብ ተከፋፍለዋል። በዚህ መጋቢት፣ ውድድራቸው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ ሐያት ዊልስደን ወዳለው ቤቴ መጥታ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ስልኳን እያየች ፊቷን አጨማደደች። ከመካከላቸው አንዱ የየምድቡን ትንበያ ጽፎ ኖሯል።

«ማሚ፣ ላስት ነው ያደረገኝ» አለችኝ። «ሲሪየስሊ፣ ከምድቤ የመጨረሻ። ሪዝኑን ደግሞ ስሚው፤ ሰርግ እያዘጋጀች ስለሆነ ቡድኗን ቼክ አታደርግም ይላል። ሂ ዳዝንት ኢቭን ኖው ሚ።»

እንዲያውም በደንብ አውቆሻል ልላት ነበር። የሰርጓ ቀን ከተቆረጠ ወዲህ የእናቷን ስልክ እንኳ ተደጋግሞ ሲጮህ ነው የምታነሣው። ግን ከልቧ ተከፍታለች፤ ስለዚህ ሻይ ብቻ ቀዳሁላት። እሷ ይህን ነገር አሜሪካኖቹ ትናንት የፈጠሩት ይመስላታል። እኔ ግን እሷ ሳትወለድ፣ ኪልበርን ውስጥ፣ ከስልክ ሳይሆን ከሰው አንደበት ትንበያዬን ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ። የኛ ኳስ በእግር ከመመታቱ በቀር ነገሩ ያው ነበር። እሷ ወደ ስልኳ ተመለሰች፤ እኔም ሻዬን ይዤ በሐሳብ ወደዚያ ሄድኩ።

ኪልበርን ዋናው መንገድ ላይ፣ ከባቡሩ ድልድይ ዝቅ ብሎ፣ በጫማ ጠጋኝና በአይሪሾች መጠጥ ቤት መካከል አንዲት ጠባብ በር ነበረች። ከበሩ ደረጃውን ሲወርዱ የሚኒካብ፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ፣ ቢሮ ነው። ዛሬ እዚያ ቤት ውስጥ ጥፍር የሚሠሩ ልጆች ናቸው ያሉት፤ ሳልፍ በመስኮቱ አጮልቄ አያለሁ፣ ያው ግድግዳ ነው፣ ሮዝ ቀለም ተቀብቶ። ያኔ በሲጋራ ጭስ ቢጫ ሆኖ፣ የለንደን ካርታ ከነፕላስቲኩ ተለጥፎበት፣ ከካርታው ጎን ደግሞ ከተዘጋ ትምህርት ቤት ያመጣነው ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሎበት ነበር። ደንበኛ የሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር አለ፤ እሱ ላይ ግን ደንበኛ ተቀምጦ አይቼ አላውቅም፣ ሁልጊዜ የሀገር ልጅ ነው። ከኪልበርን ዊልስደን በሚኒካብ ሦስት ፓውንድ ነበር። ጋዜጣ ሠላሳ ፔንስ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ድንች ጥብስ ከነኮምጣጤው ከፓውንድ በታች፣ ሀገር ቤት የሚያስደውለው የስልክ ካርድ አምስት ፓውንድ፤ ካርዱ አርባ ደቂቃ ይላል፣ ሰላምታችን ሳያልቅ ይቋረጣል። ወንድሜ አብዱ ከእሁድ ገበያ የገዛት ጥቁር የቆዳ ጃኬት ነበረችው፣ በሐምሌ ሙቀትም አያወልቃትም። እኔ ከሆቴል ሥራ በቀጥታ ስለምመጣ ከካፖርቴ ሥር ያንን ውሃ ሰማያዊ ዩኒፎርም እንደለበስኩ ነበር። ሻሼን የምገዛው ፊንስበሪ ፓርክ ድልድዩ ሥር ከቆመች ሶማሌ ሴት ነበር፤ እንዳሁኑ በየሱቁ በየቀለሙ አይገኝም፣ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ነው። የአብዱ መኪና ውስጥ አንድ ካሴት ብቻ ነበር፤ በአንዱ ፊት መንዙማ፣ በሌላው ፊት ማን እንደቀዳው የማይታወቅ የፍቅር ዘፈን። እንግሊዞቹ ደንበኞች ሁለቱንም ሳይለዩ አንገታቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡት ነበር።

ሬዲዮኑ ላይ ተቀምጠው ሹፌሮቹን የሚያሰማሩት ጋሽ ሙዘሚል ነበሩ። ሁላችንንም በዕድሜ ይበልጣሉ፤ የደሴ ሰው ናቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ሹራባቸውን ሱሪያቸው ውስጥ የሚከቱ። ሹፌሮቹን በስም ሳይሆን በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ አብዱ ሠላሳ አንድ ነበር። «ሠላሳ አንድ፣ የት ነህ?» ሲሉ ድምፃቸው አይቸኩልም፣ አይነሣም፤ ዝናብ ውስጥ መንገድ የጠፋበት ሹፌር ያንን ድምፅ ሲሰማ ይረጋጋ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ለጠበቆች ያስተረጉማሉ። የስንቱን ሰው ጉዳይ እንደሚያውቁ አላህ ነው የሚያውቀው፤ አንድም ቀን ግን ከአፋቸው የሰው ምስጢር ወጥቶ አያውቅም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ነገሩ የተበላሸው በዚህ ነው።

ጨዋታውን ያየነው ከጋዜጣ ነው፤ ደንቡን ግን እንደሚመቸን አድርገን ቀየርነው። በነሐሴ፣ የእንግሊዞቹ ሊግ ሊጀመር ሲል፣ ቢሮው ውስጥ እንሰበሰብና በዕጣ ተራ ተራ ተጫዋች እንመርጣለን። አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንተ የወሰድከውን እኔ አልወስድም። ስለዚህ ኩርፊያ አይጠፋም ነበር፤ አንድ ዓመት በአንድ ግራኝ አጥቂ የተነሣ ሁለት የአጎት ልጆች ዒድ መጥቶ እስኪያስታርቃቸው ድረስ አልተነጋገሩም። ከዚያ ሰኞ ሰኞ ጋዜጣው ይገዛል፣ ግብ ያገባና ግብ ያዳነ ይቆጠራል፣ ነጥቡ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ይሰፍራል። ከላይ ካለው መጠጥ ቤት አንድ አይሪሽ ሽማግሌ በየሳምንቱ ወርዶ ሰሌዳውን ያይ ነበር፤ ፊደሉን ማንበብ ስለማይችል ቁጥሩን ብቻ እያየ ማን እንደሚመራ ይጠይቀናል። ሰው ሲበዛ በሁለት ምድብ ተከፈልን። የኪልበርን ምድብ እኛ ነን፣ ዊልስደንም ከኛ ጋር ነው፤ አብዛኛው ሹፌር። የፊንስበሪ ፓርክ ምድብ ባለሱቆቹ፣ አስተናጋጆቹና ወጥ ሠሪዎቹ ናቸው፤ ከኛ የተሻለ ይለብሳሉ፣ ከኛ የባሰ ይፎክራሉ። በግንቦት የሁለቱ ምድብ አንደኞች ይገጥማሉ፣ የሁለቱ ምድብ መጨረሻዎች ደግሞ አብረው ለሁላችንም ምሳ ይሠራሉ። አብዱ የሠራውን ሩዝ ሳስታውስ ዛሬም ሆዴን ያመኛል።

የዓመቱ ትልቅ ቀን ግን ያ ምሳ ሳይሆን የትንበያው እሁድ ነበር። ምርጫው ካለቀ በኋላ፣ ሊጉ ሳይጀመር፣ ጋሽ ሙዘሚል ሬዲዮኑን ለሌላ ሰው አስይዘው ይቆማሉ፤ ወረቀት አይዙም። የሁለቱን ምድብ ሰዎች አንድ በአንድ በስም እየጠሩ በግንቦት ስንተኛ እንደሚሆኑ ይናገራሉ። ምክንያታቸው ስለ ተጫዋቾቹ አይደለም፣ ስለ ሰውየው ነው። አብዱ አራተኛ፤ ሚስቱ በኅዳር ትወልዳለች፣ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ እንጂ ኳስ አያምረውም። የፊንስበሪ ፓርኩ ባለ ሥጋ ቤት አንደኛ፤ አምና መንጃ ፈቃድ ፈተና እየወደቀ ነበር ቀልቡ የጠፋው፣ ዘንድሮ ተስፋ ቆርጦ ትቶታል፣ ጊዜ አለው። እኔን ሁለተኛ አሉኝ። ዘይነብ አንደኛ መሆን ትችል ነበር፣ ግን ተጫዋች የምትመርጠው ፊቱ ሲያሳዝናት ነው አሉ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ እኔ ተቆጣሁ። በዚያ ዓመት አንደኛ ወጣሁ። ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያን ሁሉ ወንድ ሰሌዳው ላይ ከሥሬ ተደርድሮ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል ለሐያት ነግሬያት አላውቅም።

እንግዳ ሰው ቢሰማን ይህ ሁሉ ቀልድ ይመስለዋል፤ ቀልድም ነበር። ግን በዚያ ዕድሜያችን፣ በዚያ ከተማ ውስጥ፣ ስለ እያንዳንዳችን ቁጭ ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ አልነበረም። ሆቴሉ ውስጥ አለቃዬ ስሜን ለመጥራት ስለምትቸገር «ዳርሊንግ» ነበር የምትለኝ፤ ሁላችንንም እንደዚያው ነው የምትጠራን። ጋሽ ሙዘሚል ግን አብዱ መቼ አባት እንደሚሆን፣ እኔ የማታ ትምህርቴን መቼ እንደምፈተን፣ ማን ከማን ጋር እንደተቀያየመ፣ ማን እናቱን ለማየት ትኬት እንደቆረጠ ያውቃሉ፣ ያንን ሁሉ ይዘው ነው ስንተኛ እንደምንሆን የሚነግሩን። ያን እሁድ ከቢሮው ስወጣ ሰውነቴ ይሞቅ ነበር።

አንድ ዓመት ከድር የሚባል ልጅ ነበር፣ ፊንስበሪ ፓርክ ዳቦ ቤት ውስጥ የሚያግዝ፣ ሳቂታ። ጋሽ ሙዘሚል ዘንድሮ አንደኛ እሱ ነው አሉ። በብርዱ ወራት የጥገኝነት ጉዳዩ ውድቅ ሆነና ወሰዱት፤ በአውሮፕላን ወደ መጣበት መለሱት። ስሙን ከሰሌዳው ላይ ለማጥፋት እጁ የታዘዘለት ሰው አልነበረም። ተጫዋቾቹ ማግባታቸውን ቀጠሉ፣ እኛም ነጥቡን መጻፍ ቀጠልን፤ በግንቦት፣ ከድር በሌለበት፣ የከድር ቡድን ከምድቡ አንደኛ ወጣ። የዚያን ዓመት ምሳ ማንም በቅጡ አልበላም። ጋሽ ሙዘሚል ሰሌዳውን ራሳቸው በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት።

ጀማል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአብዱ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፣ ከኮምቦልቻ፤ ዊልስደን እኛ ቤት ሳሎኑ ውስጥ ይተኛ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የሰው ቤት መሆኑን ለአፍታም ስለማይረሳ ሲራመድ እንኳ ድምፁ አይሰማም። ጥገኝነት ጠይቆ የመጀመሪያው መልስ አይሆንም ተብሎ፣ ይግባኝ ብሎ፣ ዳኛ ፊት የሚቀርብበትን ቀን ይጠብቅ ነበር፤ ቀኑ ለኅዳር ተቆርጦለታል። መሥራት አይፈቀድለትም። ቀኑን ሙሉ ቢሮው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮኑን ሲያዳምጥ የኪልበርንን መንገዶች ከሹፌሮቹ እኩል አወቃቸው። ነሐሴ ላይ እኔም ልግባ አለ። ደስ አለን። ተራው ሲደርስ ተጫዋቾቹን መረጠ፣ ስሙ በኛ ምድብ ከስምንታችን አንዱ ሆኖ ሰሌዳው ላይ ተጻፈ።

የትንበያው እሁድ ዘነበ። ከፊንስበሪ ፓርክ የመጡት ጃንጥላቸውን ደረጃው ላይ ደርድረው ገቡ፣ ቢሮው የእርጥብ ሱፍና የድንች ጥብስ ሽታ ሸተተ። ጀማል ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ነበር የመጣው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንበያ ሊሰማ ነው። ጋሽ ሙዘሚል የፊንስበሪ ፓርክን ጨርሰው ወደኛ ምድብ መጡ። አንዱን እያሳቁ፣ አንዱን እያስኮረፉ፣ ሰባታችንን ጠሩ። የጀማልን ስም አልጠሩም። «በሉ፣ ለግንቦት አላህ ያድርሰን» ብለው ተቀመጡ። ማንም አልጠየቀም። ጀማል ፈገግ እንዳለ ቀረ፤ ያ ፈገግታ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ እስካሁን ይታየኛል፣ ባሰብኩት ቁጥርም ያመኛል።

ያልጠየቅነው ሁላችንም መልሱን ያወቅን ስለመሰለን ነው። ጋሽ ሙዘሚል ለጠበቆች ያስተረጉማሉ፤ የጀማል ጠበቃም ከሚሠሩላቸው አንዱ ነው። ምስጢር አያወጡም፣ ግን ደግሞ አይዋሹም። እንግዲህ ጀማልን ስንተኛ ለማለት አፋቸው እንቢ ያለው፣ በግንቦት እንደማይኖር የሚያሳይ አንድ ነገር አይተው ነው አልን። እርስ በርስ አልተነጋገርንበትም፣ እያንዳንዱ ሰው በልቡ ነው ያለው። ከዚያ ለጀማል እናዝንለት ጀመር። ሻይ ስንቀዳለት ስኳር እናበዛለታለን። አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ቦታ የሚለቅለት በዛ፣ ትከሻውን መታ መታ የሚያደርገው በዛ። እሱም ሞኝ አይደለም፤ ከጋሽ ሙዘሚል ዝምታ የጀመረውን ከኛ ፊት ላይ አንብቦ ጨረሰው።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ እስከ ደጃፍ ተከትሎኝ መጣ።

«ዘይኑ፣ አፉ በይኝ» አለኝ።

ምን አድርገኸኝ አልኩት። እንዲሁ ነው፣ አንድ ቤት ሲኖር ሳይታወቅ ያስቀይማል አለኝ። እኔም እየቸኮልኩ ስለነበር አፉ ብዬሃለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ ብዬ አውቶቡሴን ያዝኩ። ሆቴል ደርሼ አልጋ እያነጠፍኩ ሳለ አንሶላው እጄ ላይ ቀረ። እኛ ዘንድ ሰው አፉ በሉኝ ብሎ የሚዞረው ሩቅ መንገድ ሊሄድ ሲል ነው፤ ሐጅ ሊሄድ ሲል፣ ወይም ታሞ ከዚህ ወዲያ የማያገኝህ ሲመስለው። ጀማል ሊጠፋ ነው። ሊድስ ውስጥ የአክስቱ ልጅ አለ፣ በሌላ ሰው ስም መጋዘን ውስጥ እየሠራ ተደብቆ የሚኖር። ጀማልም እዚያ ከተደበቀ በኅዳር ዳኛ ፊት አይቀርብም፤ ካልቀረበ ደግሞ ይግባኙ በዚያው አለቀ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ መቀየር ነው። አለቃዬን ራሴን አሞኛል አልኳት። ፊቴን አየችና ሂጂ ዳርሊንግ አለችኝ።

ሞባይል ያኔ የሀብታም ነበር። ከመንገድ ስልክ ሳጥን ወደ ቤት ደወልኩ፣ የሚያነሣ የለም። ሌላ የት እንደምሄድ ስላላወቅኩ ኪልበርን ወረድኩ። ጋሽ ሙዘሚል ሬዲዮናቸው ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ትንፋሼን ሳልሰበስብ የጀማል ጉዳይ አልቆለት እንደሆነ ይንገሩኝ አልኳቸው። ማዳመጫቸውን ከጆሯቸው አወለቁ።

«እኔ ምን አውቄ?» አሉ። «የሱን ፋይል አይቼው አላውቅም። ለሱ ያስተረጎመው ሌላ ሰው ነው።»

«ታዲያ እሁድ ለምን ዘለሉት?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ጠርገውም አላደረጉትም።

«ከድርን አንደኛ ብዬው ነበር» አሉኝ። «ከዚያ ወዲህ አፌን ፈራሁት። ወረቀት በሚጠብቅ ሰው ላይ በግንቦት እንዲህ ትሆናለህ ብሎ መቀለድ ከበደኝ። ለሱ ብዬ ነው የተውኩት ዘይነብ።»

ለሱ ተብሎ የተደረገው ምን እንዳመጣ ነገርኳቸው። እኛ ምን እንደመሰለን፣ ስኳሩን፣ ትከሻ መታ መታውን፣ የዛሬ ጠዋቱን አፉ በይኝ። ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔም እንደ እህት አልራራሁላቸውም፣ ተናድጄ ነበር፤ እርስዎ ዝም ሲሉ ሰው ምን እንደሚያስብ እንዴት አላወቁም አልኳቸው። ወደ ካርታው ዞሩ። አብዱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የራሴን ሰው ቪክቶሪያ የአውቶቡስ ጣቢያ አድርሼ እመለሳለሁ ብሏቸው ነበር። ከቪክቶሪያ ነው ወደ ሊድስ የሚሄደው አውቶቡስ የሚነሣው።

ጋሽ ሙዘሚል መነጽራቸውንም ማዳመጫቸውንም መልሰው አድርገው የሬዲዮኑን ቁልፍ ተጫኑ። «ሠላሳ አንድ፣ የት ነህ?» አሉ፤ ያው ድምፅ ነው። አብዱ ኤጅዌር ሮድ ላይ መብራት ይዞኛል አለ።

«የያዝከው ሰው ይስማኝ» አሉ። «ሌሎቻችሁም ስሙ። እሁድ አንድ ሰው ዘልያለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የኪልበርን ምድብ። ጀማል። በግንቦት ሰባተኛ ይሆናል።»

በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የነበሩት ሹፌሮች ሁሉ ሰምተዋል፤ ከኋላ የተቀመጡት ደንበኞቻቸው ምን እንደመሰላቸው እንጃ። ጋሽ ሙዘሚል እንደ እሁዱ ምክንያታቸውን መዘርዘር ጀመሩ። በኅዳር ዳኛ ፊት ስለሚቀርብ ጥቅምትን ሙሉ ሐሳቡ እዚያ ነው፣ ቡድኑን አያይም። በጥር ብርዱን ስላልለመደው ይታመማል፣ ዘይነብ ሾርባ ትሠራለታለች። በመጋቢት ሥራ ይጀምራል፣ ደክሞት ይተኛል። ግብ ጠባቂው ደግሞ ከመጀመሪያውም የማይረባ ነው። ከሰባተኛ በላይ አቅም የለውም፣ ስምንተኛ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም አብዱ አለ። ድምፃቸው ውስጥ ምንም የለም፣ ሹፌር እንደሚያሰማሩ ነው።

ቁልፉን ለቀቁ። ጠበቅን። ከዚያ ከሬዲዮኑ ውስጥ የአብዱ ያልሆነ ድምፅ መጣ፤ መናገሪያውን መያዝ ስለማያውቅበት መጀመሪያው ተቆርጦ ነው የገባው።

«...ተኛ ለምን?» አለ ጀማል። «ግብ ጠባቂዬ ምን ሆነ?»

ሌላ ሹፌር ከዊልስደን ጣልቃ ገብቶ እጁ አጭር ነው አለው። ጀማል እንዴት ያለ ሙግት ተሟገተ፤ በዚያ ዝምተኛ ልጅ አፍ ውስጥ ያን ያህል ቃል መኖሩን አላውቅም ነበር። ስለ ግብ ጠባቂው ቁመት፣ ስለ ተከላካዮቹ፣ አብዱን በዐሥር ነጥብ እንደሚበልጠው። ሬዲዮኑ የሥራ መሆኑ ተረሳ፤ አንድ ደንበኛ በር ላይ መጥቶ መኪና ፈልጎ፣ የሚሰማው አጥቶ ሄደ። በመጨረሻ አብዱ መናገሪያውን ተቀበለውና «ሠላሳ አንድ፣ እየተመለስኩ ነው» አለ። ጋሽ ሙዘሚል ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። የቧንቧውን ውሃ ሲከፍቱ ሰማሁ፣ ውዱእ የሚያደርጉ መስሎኝ ነበር፤ ሲወጡ ግን ዓይናቸው ቀልቷል። እኔም ቁጣዬ ከየት እንደሄደ ሳላውቀው ሻይ አፈላሁላቸው።

በኅዳር ጀማል የአብዱን የሰርግ ሱፍ ለብሶ፣ እጅጌው አጥሮት፣ ዳኛ ፊት ቀረበ። ጋሽ ሙዘሚል ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ዋሉ፤ የሚያስተረጉመው ሌላ ሰው ስለሆነ እሳቸው እንደማንኛችንም የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ከዚያ መጠበቅ ነው። በጥር ጀማል እውነትም ታመመ፣ እኔም ሾርባ ሠራሁ። ቀኖቹ ቶሎ ይጨልሙ ነበር፣ የመንገዱ መብራት ገና ቀኑን ሳንጠግበው ይበራል፣ ፖስተኛው በመጣ ቁጥር ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ማኘኩን ያቆማል። የጀማል የመኖሪያ ፈቃድ የመጣው በረዶው ቀልጦ፣ የዊልስደን ሴቶች ልብሳቸውን ደጅ ማስጣት በጀመሩበት ሰሞን ነው። አብዱ ጃኬቱን አውልቆ ወረወረ፤ ሲያወልቃት ያየሁት ያን ቀን ነው። ጀማል ወዲያው ሥራ ጀመረ፣ ደክሞት ይተኛ ጀመር። በግንቦት ሰባተኛ ሆነ። አብዱ ከሥሩ ስምንተኛ ሆኖ እንደገና ሩዝ ሠራልን።

በተከታዩ ነሐሴ ጀማል ለምርጫው አልመጣም። ሥራ ገብቶ ይሆናል አልን። ለትንበያውም አልመጣም። ከኛ ቤት ወጥቶ በምሥራቅ በኩል ክፍል ተከራይቶ ነበር፤ መጀመሪያ ስልክ ይደውላል፣ ቀስ እያለ ለዒድ ብቻ፣ ቀስ እያለ ያም ቀረ። በጣም ቅር አለኝ። ወረቀት እስኪያገኝ ነበር የፈለገን ያልኩበት ጊዜ አለ፤ ከኔ የባሰ ያለም አለ። ጋሽ ሙዘሚል ብቻ አልተቀየሙም። ሰው ስሙን በክፉ ሲያነሣ «ተውት፣ ደህና ሆኗል ማለት ነው» ይሉ ነበር፤ እኔ ይህን አባባላቸውን የዋህነት አድርጌ ነበር የምወስደው።

ከዚያ ዓመታቱ መሮጥ ጀመሩ። ሹፌሮቹ በየስልካቸው ካርታ ያዙ፣ ሰዉም መኪና በስልኩ ይጠራ ጀመር፣ የሚያሰማራ ድምፅ የሚፈልግ ጠፋ። ቢሮው ተዘጋ። ሰሌዳውን ማን እንደወሰደው አላውቅም። ፊንስበሪ ፓርክ ያለው ባለ ሥጋ ቤት ሱቁን ለልጁ አስረከበ፣ ልጁ ቡና በሦስት ፓውንድ ተኩል ይሸጥበታል፤ በዚያ ገንዘብ እኛ ከኪልበርን ዊልስደን በመኪና ተንፈላሰን እንገባ ነበር። ጋሽ ሙዘሚል በሰላም፣ በአልጋቸው ላይ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞቱ። ወንዶቹ ቀበሯቸው፤ እኛ ሴቶቹ ቤት ተቀምጠን ቁርአን ሲቀራ አዳመጥን። አሁን ሐያት ሶፋዬ ላይ ሆና የማታውቀው ሰው ስለ እሷ የጻፈውን እያነበበች ትናደዳለች፣ እኔ ደግሞ አንድ ሰው ስለ እኔ ስንተኛ ብሎ ከተናገረ ስንት ጊዜ እንደሆነ አስባለሁ።

ይህን ካሰብኩ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ለሰርጉ ጨርቅ ልመርጥ ፊንስበሪ ፓርክ ሄድኩ። ጣቢያው አጠገብ አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት ቦታ አንድ ሹፌር ከአውቶቡሱ ወርዶ ወገቡን እያፍታታ ነበር፤ ረጅም፣ ጢሙ ሙሉ በሙሉ ነጭ። ቀድሞ የለየኝ እሱ ነው። ስሜን እየጠራ ወደኔ ሲመጣ ግን ያ ድምፅ የሌለው አካሄዱ ትዝ አለኝ፤ ጀማል ነው። አራት ልጆች አሉት፣ ትልቋ ነርስ ናት። አብዱን ጠየቀኝ፣ ሐያትን ጠየቀኝ። ጋሽ ሙዘሚል ሲቀበሩ ከኋላ ቆሜ ነበር፣ አፈር አልብሻለሁ አለኝ። ደስታዬ ብዙ ነበር፤ ግን እኔ የተቀየምኩትን ሆዴ ውስጥ ይዤ የምስቅ ሰው አይደለሁም። ለምን ጠፋህብን አልኩት። በዚያ ነሐሴ እኮ ጋሽ ሙዘሚል ሦስተኛ ሊሉህ አስበው ጠብቀውህ ነበር፣ ለኔ ነግረውኛል አልኩት።

«ሦስተኛ?» አለ፤ ጉንጩ በደስታ ተሳበ። አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ሰዎች በመስኮት ያዩናል፣ ሰዓቱ ደርሷል። አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አድርጎ ቆመ።

«ዘይኑ፣ እኔ እኮ ኳስ ወድጄ አላውቅም» አለኝ። «ግን ወረቀቴን በምጠብቅበት በዚያ ዓመት፣ በግንቦት እዚህ እንደምኖር አፉን ሞልቶ የሚናገርልኝ ሰው ሌላ የት አገኝ ነበር?»